ማበላሸትም ሙያ ነው

ሰሞኑን ምሳ ላይ አንድ ጓደኛዬ ስለ መመረቂያ ጽሑፌ ጠየቀኝ። «ስስ የብረታ ብረት ድርብርብ በአዮን ሲደበደብ ማግኔትነቱ ምን እንደሚሆን ነው» ብለው፥ «ታዲያ ደህናውን ዕቃ ለምን ትደበድበዋለህ?» ብሎ ማዕዱን ሁሉ አሳቀብኝ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ማታ ግን ነገሩ እንቅልፍ ነሣኝ፤ ጥያቄው የእርሱ ብቻ ሳይሆን የአስተማመራችንም ጥያቄ ነውና።

በክፍል የሚሰጠን ክሪስታል እንከን የለሽ ነው። አቶሞቹ እንደ ሰልፈኛ ተደርድረው በሰሌዳው ላይ ይቆማሉ። እንከን የሚባለው ነገር የሚነሣው በመጨረሻው ምዕራፍ፥ ያውም ጊዜ ከተረፈ ነው። እንዲህ የተማረ ሰው የተደበደበ ብረት ሲያይ ጉዳት እንጂ ሌላ ባይታየው አይፈረድበትም።

እስቲ ነገሩን ቀረብ ብለን እንየው። ስስ የኮባልት ንጣፍ ማግኔቱ እንደ ንጣፉ ጋደም ማለት ይወዳል። ነገር ግን ውፍረቱ ግማሽ ናኖ ሜትር ያህል፥ ማለት ሁለት ወይም ሦስት የአቶም ረድፍ ብቻ ሆኖ በፕላቲነም መካከል ሲገባ፥ ማግኔቱ ተነሥቶ ቀጥ ብሎ ይቆማል። የሚያቆመው ኮባልቱ ብቻውን፥ ፕላቲነሙም ብቻውን አይደለም፤ የሁለቱ መጋጠሚያ ነው። የፈረንሳዩ ሊቅ ሉዊ ኔል በገጽ ላይ ያሉ አቶሞች የራሳቸው የአቅጣጫ ምርጫ እንዳላቸው በ1954 ጽፎ ነበር (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቈጣጠር ነው የምሰጠው)።

ምሥጢሩ በመጋጠሚያው ላይ ከሆነ፥ ማግኔቱን ለመለወጥ መጋጠሚያውን መንካት ይበቃል ማለት ነው። ክሎድ ሻፔርና ባልደረቦቹ በ1998 በፈረንሳይ አገር በኦርሴ ያሳዩት ይኸንኑ ነው። የሂሊየም አዮኖችን በ30 ሺህ ኤሌክትሮን ቮልት ጉልበት በድርብርቡ ላይ ለቀቁ። ሂሊየም ቀላል ስለሆነ አብዛኛው ንጣፎቹን በስቶ ያልፍና ከሥር ባለው መሠረት ውስጥ ይቀራል፤ ሲያልፍ ግን አንዳንዱን አቶም ገፋ አድርጎ ያዛውረዋል። ኮባልቱ ወደ ፕላቲነም ሰፈር፥ ፕላቲነሙም ወደ ኮባልት ሰፈር ይገባል፤ የጠራው ወሰን ይደበዝዛል። የአዮኑ መጠን በጨመረ ቁጥር ማግኔቱን ለመገልበጥ የሚያስፈልገው መስክ እየቀነሰ ይሄዳል። በካሬ ሴንቲ ሜትር ወደ 10 ሺህ ትሪሊዮን ሲጠጋ፥ በጣም ስስ የሆነው ንጣፍ በክፍል ሙቀት ማግኔትነቱን ጨርሶ ይተዋል። ከፊሉን በጭምብል የሸፈኑት እንደሆነ የተሸፈነው እንደ ነበረ ይቀራል፥ ያልተሸፈነው ይለወጣል፤ ገጹ ግን ሳይቦረቦር ለጥ እንዳለ ነው። ጋሊየም ግን ከባድ ስለሆነ ጥቂቱ ብዙ ያፈናቅላል፥ ገጹንም ይልጣል።

ለጓደኛዬ ዋናው መልስ ደግሞ ይኸው። በ2000 እነዚሁ ሰዎች የብረትና የፕላቲነም ቅይጥ ሞቅ አድርገው በሂሊየም ሲደበድቡት፥ የአቶሞቹ አደራደር እንደ መበላሸት የበለጠ ሥርዓት ያዘ! ዱላው አቶሞቹን ለማንቀሳቀስ አገዛቸው፤ እነርሱም የሚሻላቸውን ቦታ አገኙ።

ያለ ልክ ማመስገንም አልወድም። ያን ጊዜ ይህ ዘዴ ለኮምፒዩተር ዲስክ ይሆናል የሚል ትልቅ ተስፋ ነበር። የዲስክ ፋብሪካዎች ግን ሌላ መንገድ ያዙ፤ በ2024 በብዛት መላክ የጀመረው በሌዘር እያሞቀ የሚጽፈው ዓይነት ነው። ስለዚህ የዚህን ትምህርት ዋጋ በገበያ ልለካላችሁ አልሞክርም።

«መሣሪያው የት አለና?» የሚሉኝም አሉ። ለመጀመር የአዮን ማፋጠኛ አያስፈልግም። ስሪም የሚባለው ፕሮግራም በነጻ ይገኛል፤ አዮኑ የት እንደሚደርስና ስንት አቶም እንደሚያፈናቅል በተራ ኮምፒዩተር ያሰላል። እኔ አንድ ሌሊት መብራት እስኪጠፋ ድረስ ሂሊየም ስለቅ አመሸሁ። ፕሮግራሙ ግን ክሪስታልን አያውቅም፥ ማግኔትንም አያውቅም፤ የተፈናቀሉትን ቈጥሮ ዝም ይላል። ከዚያ ቁጥር ተነሥቶ ማግኔቱ መቼ እንደሚተኛ ማስላት የእኛ ፋንታ ነው፤ ይህም ለብዙ ተማሪ የሚበቃ ሥራ ነው።

እንግዲህ የምጠይቀው ይህን ነው። የእንከን ምዕራፍ ከመጨረሻው ተነሥቶ ወደ ሁለተኛው ዓመት ይምጣልን። እስከዚያ ግን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ተሰብስበን ብናሰላ የሚከለክለን የለም፤ ያ የሳቀብኝ ጓደኛዬም፥ ሒሳቡ ከእኔ ስለሚሻል፥ ቢመጣ ደስ ይለኛል።