የካምፓላ የውኃ ታሪፍና የተከራዩ ጀሪካን

የኡጋንዳ ዋና ከተማ ካምፓላ በቪክቶሪያ ሐይቅ አጠገብ የምትገኝ ስለ ሆነች ውኃ አይቸግራትም ተብሎ ይገመት ይሆናል። ነገር ግን በዚያች ከተማ የድኻው ችግር የውኃ ማነስ ብቻ አይደለም፤ ውኃው ከቆጣሪው ካለፈ በኋላ ዋጋውን የሚወስነው ማን ነው የሚለውም ነገር ነው።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1972 የተቋቋመው ብሔራዊ የውኃና የፍሳሽ ኮርፖሬሽን በጋባ የሚያጣራውን የሐይቅ ውኃ በታሪፍ ይሸጣል። ለሕዝብ ቦኖ የተመደበውም ታሪፍ ድኻውን ለመርዳት ሲባል ለግል ቤት ከተመደበው ያነሰ ነው። አሳቡ መልካም መሆኑ አይካድም። ይሁን እንጂ ይህ ታሪፍ በቀጥታ የሚጠቅመው ቆጣሪው በስሙ የተመዘገበለትን ደንበኛ ነው። በኪሴኒና በብዋይሴ ሙዚጎ በተባሉት ባለ አንድ ክፍል ቤቶች የሚኖረው ተከራይ ግን አብዛኛውን ጊዜ ደንበኛ አይደለም፤ ደንበኛው አከራዩ ወይም የቦኖው ጠባቂ ነው። በቡጋንዳ ከ1900 ስምምነት ወዲህ ባለ ርስቱና በርስቱ ላይ የሰፈረው ሰው ብዙ ጊዜ የተለያዩ ስለ ሆኑ፤ አዲስ ቧንቧ ለማስገባት ፈቃድ ማግኘቱም ቀላል አይደለም።

ሒሳቡን ማንኛውም ነጋዴ ሊያሰላው ይችላል። አንድ ሜትር ኩብ ውኃ ባለ 20 ሊትሩን ጀሪካን 50 ጊዜ ይሞላል። ጀሪካኑ በ100 ሽልንግ ቢሸጥ ሜትር ኩቡ 5,000 ሽልንግ ያወጣል፤ ይህም ለቦኖ ከተመደበው ታሪፍ እጅግ የበለጠ ነው። እርግጥ ጠባቂው ቀኑን ያጠፋል፤ የፈሰሰውንም ውኃ ሒሳብ ይሸከማል፤ ስለዚህ ማትረፉ ነውር አይደለም። ነውሩ ትርፉ ልክ ያጣ እንደ ሆነ ነው።

ኮርፖሬሽኑ ከ2000ዎቹ ዓመታት ወዲህ በቅድሚያ የሚከፈልባቸውን ቦኖዎች ማቆሙ ለዚህ አንድ መድኃኒት ነው፤ ገዢው አስቀድሞ ከፍሎ ራሱ ይቀዳልና። ቦኖው የተበላሸ ዕለት ግን ተመልሶ ወደ ሻጩ መሄዱ አይቀርም።

ነገሩ የካምፓላ ብቻ አይደለም። በአዲስ አበባም የአንድ ግቢ ተከራዮች በአንድ ቆጣሪ ሲጠቀሙ፤ ፍጆታቸው ተደምሮ ወደ ላይኛው የታሪፍ እርከን ስለሚወጣ፤ ቆጣቢው ድኻ እንደ ባለጸጋ ይከፍላል።

እንግዲህ ታሪፍ የሚያወጣ አስተዳደር ሥራው በቆጣሪው ላይ ያበቃል ብሎ ሊያስብ አይገባውም። የጀሪካኑ ዋጋ በየቦኖው ተጽፎ ካልተሰቀለ፤ የተበላሸውም ውሎ ሳያድር ካልተጠገነ፤ ለድኻው ተብሎ የተቀነሰው ገንዘብ የሌላ ሰው ትርፍ ሆኖ ይቀራል።