ደረጃ የሌለው ዋጋ ዋጋ አይደለም፦ ስለ ማቀዝቀዣ ክፍል ፕሮፎርማዎች

ዛሬ ስለ አቮካዶ ዋጋ ሳይሆን አቮካዶውን ዋጋ ስለሚያሳጣው ነገር ነው የምጽፈው።

ሰሞኑን አንድ የማውቀው ዩኒየን ሦስት ፕሮፎርማ ላከልኝ። የማቀዝቀዣ ክፍሉ ማሽን አርጅቷል፤ ከአዲሱ ምርት በፊት መቀየር አለበት። የውዱ ዋጋ የርካሹ እጥፍ ሊሆን ትንሽ ነው የቀረው። የግዢ ኮሚቴው "ዝቅተኛውን እንውሰድና እንገላገል" ብሏል። እኔ ደግሞ ሦስቱም ገና ዋጋ አልሰጡም ባይ ነኝ።

ለምን? አንድ ሰው ደውሎ "ቡና ስንት ነው?" ቢላችሁ ምን ትሉታላችሁ? የየት? የታጠበ ነው ያልታጠበ? ስንተኛ ደረጃ? እርጥበቱስ? ይህን ሳትጠይቁ ዋጋ አትሰጡም። ማሽን ላይ ስንደርስ ግን "ማቀዝቀዣ፣ 1 ሙሉ፣ ይህን ያህል ብር" የሚል ወረቀት ተቀብለን ከታች ያለውን ድምር ብቻ እናወዳድራለን።

ዋናው ጥያቄ በቀን ስንት ኩንታል ይገባል፣ በስንት ሰዓት ውስጥስ ወደ ስንት ዲግሪ መውረድ አለበት የሚለው ነው። ሂሳቡ ከባድ አይደለም። 100 ኩንታል አቮካዶ በ25 ዲግሪ ከማሳ መጣ እንበል፤ ወደ 6 ዲግሪ እናውርደው። አንድ ኪሎ አቮካዶ አንድ ዲግሪ ሲወርድ 3.6 ኪሎጁል ገደማ ሙቀት ይወጣዋል። 10,000 ኪሎ በ19 ዲግሪ፣ ከዚያ በ3.6 ሲባዛ 684,000 ኪሎጁል ይመጣል። ይህን በ24 ሰዓት ለማውጣት በአማካይ 8 ኪሎዋት የማቀዝቀዝ አቅም ይበቃል። በ8 ሰዓት ከተባለ ግን ወደ 24 ኪሎዋት ይፈልጋል። በበርና በግድግዳ የሚገባው ሙቀት ሳይጨመር ማለት ነው። ክፍሉ ያው፣ ፍሬው ያው፣ ልዩነቱ ሦስት እጥፍ!

ከሦስቱ አቅራቢዎች ሁለቱ ቦታው ድረስ አልመጡም፤ የአሮጌውን ማሽን ታርጋ በፎቶ አይተው ነው ዋጋ የጻፉት። አሮጌው ደግሞ የተገጠመው ለድንች ማቆያ ነበር። ሦስተኛው መጥቶ ለክቷል፤ ሂሳቡን ግን እሱም አላሳየም።

አቮካዶ ዛፍ ላይ እያለ አይበስልም፤ መብሰል የሚጀምረው ከተቆረጠ በኋላ ነው። ሞቆ የቆየበት እያንዳንዱ ሰዓት በጅቡቲ በኩል ለሚጠብቀው የሳምንታት የባሕር ጉዞ ካለን ጊዜ ላይ ይቀነሳል። "ኮንቴይነሩ ያቀዘቅዘዋል" የምትሉ፣ ኮንቴይነሩ የተሠራው የቀዘቀዘውን እንደቀዘቀዘ ለማቆየት ነው እንጂ የማሳ ሙቀት ለማውረድ አይደለም። ፍሬው ለስልሶ ከደረሰ ገዢው ዋጋ ይቀንሳል፤ ቅናሹ ዞሮ ዞሮ የሚያርፈው ገበሬው ላይ ነው።

ስለዚህ ምክሬ አጭር ነው። መጀመሪያ የራሳችሁን አንድ ገጽ ጻፉ፤ ለሦስቱም አንድ ዓይነት ወረቀት ልካችሁ እንደገና ዋጋ አስገቡ። ገጹ ላይ እነዚህ ይኑሩ፦

1. አቅም። በፈረስ ጉልበት ሳይሆን በኪሎዋት፤ ያውም ክፍሉ ስንት ዲግሪ፣ የውጭው አየር ስንት ዲግሪ ሆኖ እንደሆነ ይጻፍ። ከፍታም ይጠቀስ። አዲስ አበባን በሚያህል ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠለል በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው፤ የኮንደንሰሩ ፋን ያንኑ ያህል ሙቀት መጣል ያቅተዋል።

2. ጋዝ። በአር-22 የሚሠራ ማሽን በርካሽ ከቀረበላችሁ ተጠንቀቁ። በሞንትሪያል ስምምነት መሠረት እንደኛ ያሉ አገሮች እስከ 2030 እ.ኤ.አ. ከዚህ ጋዝ ሊወጡ ነው። ነገ ጋዙን ከየት ታመጣላችሁ?

3. መብራት። ለአንድ ዓይነት ሥራ አንዱ 12፣ ሌላው 9 ኪሎዋት ቢወስድና በቀን 14 ሰዓት ለ300 ቀን ቢሠሩ ልዩነቱ 12,600 ኪሎዋት ሰዓት ነው። በምትከፍሉት ታሪፍ አባዙት።

4. ምን ተካቷል? የኤሌክትሪክ ሰሌዳ፣ ገመድ፣ መለዋወጫ፣ ገጠማ፣ 15 በመቶ ቫት፣ አሮጌውን ማንሳት። ዋጋው ለስንት ቀን ይጸናል? ምንዛሬ ቢንቀሳቀስስ ማን ይሸከማል? ሐምሌ 2016 ላይ ብር በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ የሆነውን ሁላችንም እናስታውሳለን።

5. ክፍያ። የመጨረሻው ክፍያ ባዶ ክፍል ስለቀዘቀዘ አይለቀቅ። ፍሬ ተጭኖ፣ በተባለው ሰዓት ወደ ተባለው ዲግሪ ሲወርድ፣ ቴርሞሜትሩ ፍሬው ውስጥ ገብቶ ሲነበብ ይከፈል።

ከዚያ በፊት ግን በሩንና ፓኔሉን ፈትሹ። የበሩ ጎማ ካለቀ የትኛውም ማሽን አያድናችሁም።

የኮሚቴው ሰብሳቢ "ኦዲተሩ ዝቅተኛውን ለምን አልወሰዳችሁም ቢለን ምን እንመልሳለን?" ብለውኛል። ፍርሃታቸው ይገባኛል። መልሱ ግን እዚያው ገጽ ላይ ነው፦ መስፈርቱን ካሟሉት መካከል ዝቅተኛውን ውሰዱ፤ የጎደለውን በጎደለበት ነጥብ ጽፋችሁ ጣሉ። ውዱም መስፈርቱን ካላሟላ ውድ ስለሆነ ብቻ አይመረጥም።

"ጊዜ የለንም" የሚለውንም ሰምቻለሁ። አንድ ገጽ መጻፍ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል ይባላል፤ የለሰለሰ አቮካዶ ግን ተለቅሞም አይሸጥ።

ፕሮፎርማ በእጃችሁ ያላችሁ ከመፈረማችሁ በፊት አንድ ጊዜ እዩት። የነገውን ዋጋ ይዘን ጠዋት እንመለሳለን።