ቋንቋ የትውልድ ሐረግ አይደለም

«ሴማዊ» እና «ኩሻዊ» የሚባሉት ቃላት ከቋንቋ ሊቃውንት ጠረጴዛ ተነሥተው ወደ አደባባይ ከወጡ ወዲህ ሥራቸው ተለውጧል። አንዱን ሰዋስው ከሌላው መለያ መሆናቸው ቀርቶ፥ አንዱ ወገን የሚመካባቸው ሌላው ወገን የሚከሰስባቸው የዘር ማስረጃ ሆነዋል። አንዱ ተነሥቶ፥ «አባቶቻችን ቀይ ባሕርን ተሻግረው ሥልጣኔን ይዘው መጡ» ይላል። ሌላውም ይህንኑ ቃል ተቀብሎ፥ «ተሻግራችሁ ከመጣችሁማ እንግዳ እንጂ ባለ አገር አይደላችሁም» ሲል ይመልሳል። ሁለቱ የሚጣሉ ይመስላሉ እንጂ የቆሙት በአንድ ስሕተት ላይ ነው፤ ይኸውም ቋንቋ የመጣበት መንገድ ሁሉ ሕዝብ የመጣበት መንገድ ነው የሚለው ግምት ነው።

ይህ ግምት የተወለደው በእኛ አገር አይደለም። በ1781 (ዓመታቱን ሁሉ የምንጽፈው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው) ሽለትሰር የተባለ ጀርመናዊ ሊቅ የሶርያውያንን፥ የባቢሎናውያንን፥ የዕብራውያንንና የዐረቦችን ቋንቋ በአንድ ስም ለመጥራት ሲሻ፥ ከኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 10 የሴምን ስም ወሰደ። ነገር ግን ያ ምዕራፍ የአሕዛብን ዝምድና ይቈጥራል እንጂ ሰዋስው አይመረምርም። ቋንቋው ለዕብራይስጥ እጅግ የቀረበው ከነዓን በካም ልጆች ውስጥ ተጽፏል፤ ቋንቋው ሴማዊ ያልሆነው ኤላም ከሴም ልጆች ጋር ተቈጥሯል፤ ሳባም አንድ ጊዜ ከኩሽ ዘር፥ ሁለተኛ ጊዜ ከዮቅጣን ዘር ተጠቅሷል። መጽሐፉ ራሱ ያልለያየውን እኛ በመጽሐፉ ስም ስንለያይበት ማየት ያስገርማል።

የህንድና የአውሮፓ ቋንቋዎች ነገር ደግሞ ከዚህ የከፋ ነው። ዊልያም ጆንስ በ1786 በካልካታ ባሰማው ንግግር ሳንስክሪት፥ ግሪክና ላቲን ከአንድ ምንጭ ሳይወጡ አይቀሩም ሲል፥ የተናገረው ስለ ግሥ ሥርና ስለ አገባብ ነበር። ሰባ ዓመት ሳይሞላ ጎቢኖ የተባለ ፈረንሳዊ «አርያን» የሚለውን መጠሪያ የበላይ ዘር ስም አደረገው። ማክስ ሙለር በ1888 የቋንቋን ስም ለደምና ለራስ ቅል መስጠትን አጥብቆ ቢቃወምም፥ የሰሙት ጥቂቶች ነበሩ፤ በሚቀጥለው ክፍለ ዘመን በጀርመን አገር የሆነውን ዓለም ሁሉ ያውቀዋል።

ፍልሰት አልነበረም ማለታችን አይደለም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3000 ዓመት ገደማ ከጥቁር ባሕርና ከካስፒያን ባሕር በስተሰሜን ካለው ሜዳ ብዙ ሕዝብ ወደ አውሮፓ መፍለሱን በ2015 የወጡ የጥንት አጽም ጥናቶች አረጋግጠዋል። ግን ውጤቱን እንመልከት። የባስክ ሕዝብ ከነዚያ ፈላሾች ደም ብዙ ወርሶ ቋንቋቸውን አልወረሰም። የሁንጋርያ ሕዝብ ደግሞ በ9ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ከምሥራቅ የመጡትን ፈረሰኞች ቋንቋ እየተናገረ፥ በደሙ ጎረቤቶቹን ይመስላል።

አሁን ወደ ቀይ ባሕር እንመለስ። በ1928 የታተመው የኮንቲ ሮሲኒ የኢትዮጵያ ታሪክ፥ ከደቡብ ዐረብ የፈለሱ ነገዶች ጽሕፈትንና የድንጋይ ሕንፃን ይዘው መጥተው አገሩን እንዳቀኑ አስተማረ፤ አያሌ ጸሐፊዎችም ይህንኑ ሲገለብጡ ኖሩ። የኮንቲ ሮሲኒን ሊቅነት የሚክድ የለም፤ ነገር ግን ከእርሱ በኋላ ብዙ ምድር ተቈፍሯል። ድሬውስ በ1962 ባሳተመው ጥናት የጥንቶቹ ጽሕፈቶች አንድ ዓይነት አለመሆናቸውን አሳየ፤ ገሚሶቹ ጥሩ የሳባ ቋንቋ ሲሆኑ፥ ገሚሶቹ ፊደላቸው የሳባ ሆኖ በአነጋገራቸው የአገሬው ምልክት ይታይባቸዋል። በትግራይ በውቅሮ አጠገብ በተገኘ መሠዊያ ላይ ንጉሥ ዋዕራን ከአባቱ ስም ጋር የእናቱንም ስም አስጽፏል፤ ይህ በሳባ ነገሥታት ዘንድ የተለመደ አልነበረም። በምሥራቅ ትግራይ መዝበር በተባለው ስፍራም፥ የሳባ ሰዎች ከመድረሳቸው ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት፥ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1600 ዓመት ገደማ፥ ሕዝብ ሰፍሮ ይኖር ነበር። የመጡት ወደ ባዶ ምድር አይደለም።

ይህን ስንል ከባሕር ማዶ ምንም አልመጣም የሚሉትን መደገፋችን አይደለም። አልመቃህ በየሐ የተመለከበት የሳባ አምላክ ነው። ከማሪብ የመጡ ድንጋይ ጠራቢዎችም በአገራችን ድንጋይ ላይ ስማቸውን ትተዋል። ይህ ጽሑፍ የተጻፈበት ፊደል ራሱ የተገኘው ከደቡብ ዐረብ ፊደል ነው፤ አናባቢውን ግን የጨመሩበት በ4ኛው ክፍለ ዘመን አክሱማውያን ናቸው።

ከሁሉ የሚበልጠው ምስክር ግን በየዕለቱ በአፋችን ውስጥ አለ። ግእዝ «ቤተ ንጉሥ» ሲል ቤቱን አስቀድሞ ንጉሡን ያስከትላል፤ አማርኛ «የንጉሥ ቤት» ብሎ ንጉሡን ያስቀድማል። ግእዝ «መጽአ ንጉሥ» ሲል አማርኛ «ንጉሥ መጣ» ይላል፤ ግሡን መጨረሻ ላይ ያኖረዋል። ይህ አሰካክ የአገውኛና የሌሎች ኩሻዊ ቋንቋዎች አሰካክ ነው። ግእዝ «ከልብ» የሚለውን እንስሳ እኛ «ውሻ» የምንለው፥ ሲዳማና ከምባታ ከሚጠሩበት ስም ጋር በሚዘመድ ቃል ነው። ቮልፍ ሌስላው በ1945 ስለዚህ ነገር በሰፊው ጽፏል። የቃላት ብድር ከገበያ ሊመጣ ይችላል፤ የዓረፍተ ነገር አሰካክ ግን የሚለወጠው በቤት ውስጥ ነው። ኩሻዊ ቋንቋ ይናገሩ የነበሩ ወላጆች አዲሱን ቋንቋ ለልጆቻቸው ሲያስተምሩ የገዛ አነጋገራቸውን አብረው አወረሷቸው። ስለዚህ አማርኛ ተናጋሪውን ከኩሻዊ ወገኖቹ ፈጽሞ የተለየ አድርጎ የሚናገር ሰው፥ አማርኛን ጆሮ ሰጥቶ አልሰማውም።

የደሙን ምርመራ የሚሻ ቢኖርም ይኸው። ፓጋኒና ጓደኞቹ በ2012 ባወጡት ጥናት፥ ከ3000 ዓመት ገደማ በፊት ከአፍሪካ ውጭ ከመጣ ሕዝብ ጋር መቀላቀል እንደ ነበረ ተገምቷል፤ ነገር ግን ያ ቅልቅል በአማራው እንደሚገኝ በኦሮሞውም ይገኛል፥ መጠኑም ተቀራራቢ ነው። በጋሞ ደጋ በሞታ ዋሻ የተገኘው የ4500 ዓመት አጽም በ2015 ሲመረመር ይህ ቅልቅል አልታየበትም። እንግዲህ እንግዳው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ ሲመጣም በአንዱ ቤት ብቻ አላደረም።

በትምህርት ቤት ሰሌዳ ላይ ከየመን ወደ ትግራይ የምትሳለው አንዲት ቀስትም ለዚህ ታሪክ አትበቃም። በ525 ገደማ ንጉሥ ካሌብ ሠራዊቱን በመርከብ ወደ ሒምያር ሲያሻግር ቀስቷ ወደ ማዶ ትዞራለች። ከዚያ ዘመቻ በኋላ በየመን የነገሠው ኢትዮጵያዊው አብርሃ በ548 የማሪብን ግድብ አሳድሶ፥ ሥራውን በግእዝ ሳይሆን በሳባ ቋንቋ በድንጋይ ላይ አስጻፈ። ቋንቋውን ብቻ አይቶ ትውልድን የሚፈርድ መምህር ያን ድንጋይ ቢያሳዩት፥ አብርሃን የማሪብ ተወላጅ ያደርገዋል።