ቅባቱ የወጣለት ወተት ለማን ነው?

«ላይት»፣ «ዳይት» ወይም «ዜሮ» የሚል ጽሑፍ የተለጠፈባቸው ምግቦችና መጠጦች በኢትዮጵያ ከተሞች የሱቅ መደርደሪያዎች ላይ ቦታ እያገኙ በመጡ ቁጥር፣ ቅባቱ ወይም ስኳሩ የተቀነሰ ምግብ ለማንኛውም ሰው ከሙሉው ይሻላል የሚለው አስተሳሰብም አብሮ ይሰራጫል። ይህ አስተሳሰብ የተወለደው ከሚያስፈልገው በላይ የሚመገብ ሰው በበዛባቸው አገሮች በመሆኑ፣ ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ ለምትገኘው አምባ ጊዮርጊስና በዙሪያዋ ላለው የወገራ ደጋ እንዳለ ሊወሰድ አይገባም። በዚህ ደጋ ቅባቱ የወጣለት ወተት አዲስ ነገር አይደለም፤ የሚጠጣውም ጠግቦ የተረፈው ሰው አይደለም።

በገጠሩ ማጀት የተጠራቀመው ወተት ረግቶ እርጎ ይሆናል፤ እርጎው ተንጦ ቅቤው ከወጣ በኋላ የሚቀረው ፈሳሽ አሬራ ይባላል፤ አሬራው በለዘብተኛ እሳት ሲሞቅ ደግሞ አይብና አጓት ሆኖ ይለያያል። በዚህ መንገድ የተሠራ አይብ ከመቶ እጅ ሁለት ያህሉ ብቻ ቅባት ሲሆን፣ ሰውነትን የሚገነባው ፕሮቲን ግን ከመቶ ዐሥራ አራት እጅ ገደማ ይይዛል፤ ስለዚህ የውጭ ፋብሪካዎች በማሽን ቅባቱን ለይተው በልዩ ማሸጊያ የሚሸጡትን ዓይነት ምግብ የደጋዋ እናት ከጥንት ጀምሮ በእጇ ስታዘጋጅ ኖራለች ማለት ይቻላል። ልዩነቱ ቅቤው የሚሄድበት ቦታ ላይ ነው። ቅቤው ለጨው፣ ለዘይት፣ ለማዳበሪያና ለልጆች ደብተር መግዣ ሲባል ወደ ገበያ ይወጣል፤ አሬራው ለቤተሰቡ ይቀራል። አንድ ግራም ቅባት 9 ኪሎ ካሎሪ፣ ማለትም የምግብ ጉልበት የሚሰፈርበት መለኪያ፣ ሲሰጥ አንድ ግራም ፕሮቲን ወይም ስኳር የሚሰጠው 4 ብቻ ነው፤ ከወተቱ ጋር የነበረው ቫይታሚን ኤም በቅባት የሚሟሟ በመሆኑ አብዛኛው ከቅቤው ጋር ተያይዞ ይሄዳል፤ የዚህ ቫይታሚን እጥረት ደግሞ ዳፍንት የሚባለውን በምሽት ያለማየት ችግር ያመጣል። በ2016 እ.ኤ.አ. በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአማራ ክልል ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 46 ከመቶዎቹ ቁመታቸው ለዕድሜያቸው አጭር ሆኖ መገኘቱ ሲታሰብ፣ ለእነዚህ ልጆች ቅባት መቀነስን እንደ ጤና ምክር ማቅረብ ከባድ ስሕተት ነው።

ለጠገበ ሰው የተጻፈ ምክር ለሁሉም እንደማይሆን የጎንደር ሐኪሞች ተሞክሮ የበለጠ ያጠናክረዋል። የስኳር በሽታ በብዙ ሰው አእምሮ ከውፍረትና ከምቾት ጋር የተያያዘ ቢሆንም፣ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታልና በዙሪያው ባሉ የገጠር ጤና ጣቢያዎች የሚታከሙ በርካታ ሕሙማን ቀጭን፣ ወጣትና ድሃ ገበሬዎች መሆናቸውን የሆስፒታሉ ሐኪሞች ከውጭ ተመራማሪዎች ጋር ሆነው በ2009 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት አስረድተዋል፤ ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘ የስኳር በሽታ ጉዳይ እንደገና እንዲታይም ጠይቀዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ይህን ዓይነት በ1985 እ.ኤ.አ. ለብቻው መድቦት የነበረ ሲሆን በ1999 እ.ኤ.አ. ከምደባው አውጥቶታል። በሚያዝያ 2025 እ.ኤ.አ. ባንኮክ ላይ የተሰበሰበው ዓለም አቀፍ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽን ግን «ዓይነት አምስት» በሚል ስም ዕውቅና ሰጠው። ከልጅነት ጀምሮ የቀጠለ የምግብ እጦት ኢንሱሊን የሚያመነጨውን ቆሽት እንደሚያዳክመው የሚታሰበው ይህ በሽታ የያዘው ሰው መድኃኒቱን መከታተልና ስኳርን መጠንቀቅ ያለበት ቢሆንም፣ ለወፍራም ሕመምተኛ የተጻፈውን የአመጋገብ ምክር ተቀብሎ ወተቱንና ቅቤውን ከተወ የቀረውን አቅም ያጣል። እነዚህ ሐኪሞች ዕውቅናው ከመምጣቱ ከዐሥር ዓመት በላይ አስቀድመው የሕሙማኑን ገላ አይተው እውነቱን መናገራቸው ሊመሰገን ይገባል።

የከተማው ነዋሪ ጉዳይ ሌላ ነው። ተቀምጦ የሚሠራ፣ ክብደቱ የጨመረ ሰው መቀነስ ያለበት ነገር አለው፤ መጀመሪያ ሊያየው የሚገባው ግን የሻይ ብርጭቆውን ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር 4 ግራም ያህል ሲሆን፣ በሦስት ማንኪያ የጣፈጠ ሻይ በቀን አምስት ጊዜ የሚጠጣ ሰው 60 ግራም ስኳር ይወስዳል፤ የዓለም ጤና ድርጅት በቀን 2,000 ኪሎ ካሎሪ ለሚመገብ ሰው ያስቀመጠው ከፍተኛ መጠን 50 ግራም፣ የሚመርጠው ደግሞ 25 ግራም ነው። በስኳሩ ምትክ እንደ አስፓርቴም ያለ ማጣፈጫ የገባበትን ለስላሳ መጠጣት ለጊዜው ካሎሪውን ቢቀንስም፣ ድርጅቱ በግንቦት 2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ክብደትን ለመቆጣጠር ሲባል በእነዚህ ማጣፈጫዎች መጠቀምን አልደገፈም፤ በረጅም ጊዜ ክብደት ስለመቀነሳቸው በቂ ማስረጃ አላገኘምና፣ ምላስን ከጣፋጭነት ማላቀቁ ይሻላል ሲል መክሯል። ለጣፋጭ ጣዕም ሱሰኛ ሆኖ የሚቀር ምላስ ከ«ዜሮ» ጠርሙስ አልፎ ሌላ ጣፋጭ ፍለጋ እንደሚሄድ መገመት አያዳግትም። ቅባቱ በወጣለት የታሸገ እርጎ ውስጥ ጣዕሙን ለመመለስ ስኳር የሚጨመርበት ጊዜም ስላለ፣ ገዢው የፊቱን ጽሑፍ ትቶ ከጀርባ ያለውን ዝርዝር ማንበብ ይኖርበታል።

ቅቤን ፈርቶ በክፍል ሙቀት ወደሚረጋ ዘይት መዞርም መፍትሔ አይደለም፤ ግማሽ ያህሉ እንደ ቅቤው ሁሉ የደም ኮሌስትሮልን የሚጨምር ቅባት ነው፤ የኑግ ዘይት ከሁለቱም ይሻላል። ወገራ በብዛት የሚያመርተው ገብስ ደግሞ ቤታ ግሉካን የተባለ፣ ስኳር ወደ ደም የሚገባበትን ፍጥነት የሚያዘገይ ቃጫ ስላለው፣ ያለ ስኳር የተበጠበጠ በሶ ከ«ዳይት» ብስኩት የተሻለ ምርጫ ሊሆን ይችላል። ስኳር ሲጨመርበት ግን ይህ ጥቅሙ ይቀንሳል።

ስለዚህ የጤና ባለሙያዎች የአመጋገብ ምክር ሲሰጡ አስቀድመው የሚመክሩትን ሰው ክብደትና የዕለት ምግብ ይጠይቁ፤ ለከተማው ሰው ስኳሩን ያስቀንሱት። የአምባ ጊዮርጊስ እናቶች ደግሞ ከሚናጠው ቅቤ ጥቂቱን፣ ገበያ ከመሄዱ በፊት፣ ለትንንሽ ልጆቻቸው ገንፎ ያስቀሩ፤ ይህን ለማድረግ የሚያስችል ገቢ እንዲያገኙ ማገዝ የወረዳውና የክልሉ ግብርናና ጤና ቢሮዎች ግዴታ ነው።