ገበታችን ወቅቱን ይናገር

የክረምቱ ጉም ተገፎ መስከረም ሲጠባ ሜዳውና ጋራው የአደይ አበባ ይለብሳል። በዚያው ሰሞን ወደ ብዙ ቤት ብትገቡ ግን በጠረጴዛው ላይ የምታገኙት ከገበያ የተገዛ የፕላስቲክ አበባ ነው። በደጅ ሕያው አበባ ሞልቶ ሳለ በቤት ውስጥ ሰው ሠራሹ ለምን ይነግሣል? በእኔ አስተያየት የበዓል ገበታ መጌጥ ያለበት ወቅቱ በሚሰጠን ነገርና በገዛ እጃችን ሥራ ነው።

የመጀመሪያው ምክንያቴ የጌጥ ቁም ነገር ነው። ጌጥ ለእንግዳው የሚነግረው ነገር ሊኖረው ይገባል። አደይ አበባ ዝናቡ ማለፉንና አዲስ ዓመት መግባቱን ያበሥራል። ከመስከረም 26 ቀን እስከ ታኅሣሥ 25 ቀን በሚዘልቀው በዘመነ መፀው ደግሞ የደረሰ የስንዴና የማሽላ ዛላ የገበሬውን ድካም ፍሬ ያሳያል። የፕላስቲክ አበባ ግን በመስከረምም ሆነ በመጋቢት ቃሉ አንድ ነው።

ሁለተኛው ምክንያቴ ሥራው ብዙ ገንዘብም ሆነ መርፌና ክር የማይጠይቅ መሆኑ ነው። ያገለገለ የቃጫ ጆንያ አጥባችሁ አድርቁ። ልትቆርጡት ባሰባችሁበት ላይ አንዲት ክር መዝዛችሁ ብታወጡ፣ ክሯ የለቀቀችው ክፍተት ቀጥ ያለ መቁረጫ መሥመር ይሆናችኋል። ከቆረጣችሁ በኋላ ከየዳሩ ሁለት ጣት ያህል ክሩን እየመዘዛችሁ ዘርፍ አውጡለት፤ ዘርፉ በሚጀምርበት ላይ በስተጀርባ በኩል ሙጫ ብትቀቡት አይተረተርም። ቀጥሎም በአንድ ባዶ ጠርሙስ ዙሪያ ስንደዶ ደርድራችሁ በሲባጎ እሰሩትና ውኃ ጨምራችሁ አበባውን አኑሩበት። ውኃ ውስጥ የሚገባውን ቅጠል አራግፉ፤ ውኃውንም በየዕለቱ ለውጡ። ፊት ለፊት የተቀመጡ ሰዎች እንዲተያዩ አገዳውን አሳጥሩት። ጠረጴዛ የሌለበት ቤትም ጠርሙሱን ከረከቦቱ አጠገብ፣ በተጎዘጎዘው ቄጤማ ላይ ማኖር ይችላል።

«የፕላስቲኩ አበባ ዓመታት ይቆያል፤ አደይ ግን በጥቂት ቀን ይጠወልጋል» የሚሉ አሉ። አባባላቸው እውነት ነው፤ ነገር ግን አደይን የምንናፍቀው በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ስለሚመጣ አይደለምን? ሁልጊዜ ከፊታችን ያለውን ነገር ዓይናችን ይለምደዋል፤ ውሎ አድሮም አቧራ ሲጠጣ እንኳ አናስተውለውም። ሲጠወልግ የሚጣለው አበባ አፈር ይሆናል፤ ሲሰለች የሚጣለው ፕላስቲክ ግን ሳይበሰብስ ለረጅም ዘመን ይኖራል።

ይሁን እንጂ አደይ ከዘር የሚበቅል መሆኑን አትዘንጉ። ከነሥሩ የነቀልነውና ዘሩን ሳያራግፍ የጨረስነው አበባ ለከርሞ አይተካም። ስለዚህ ጥቂቱን በመቀስ ቁረጡ፤ የሚበዛውን ለሜዳው ተዉ።

እንግዲህ ተማሪዎች ሆይ፣ ለመጪው በዓል ከታናናሾቻችሁ ጋር ሆናችሁ አንድ ጠርሙስና አንድ ጆንያ አዘጋጁ። ገንዘብ ያነሰው ቤት በዓሉ የጎደለ ሊመስለው አይገባም፤ የወቅቱ ጌጥ ለደሀውም ለባለጸጋውም እኩል ያብባልና።