ለ97 ሜትር ማልቀስ ይብቃ

የአሜሪካን ድራግ ሬስ ከልጅነቱ ጀምሮ የተከታተለ ሰው ስለ ዛሬው ውድድር ሲጠየቅ አፉ ላይ ቀድማ የምትመጣ ቅሬታ አለች፦ መንገዱ አጠረ። ከ1950ዎቹ ጀምሮ (ዓመታቱ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ሁለት መኪኖች ጎን ለጎን ቆመው ሩብ ማይል፣ ማለትም 402 ሜትር፣ በቀጥታ ይፈተለኩ ነበር። በጁን 2008 ሹፌሩ ስኮት ካሊታ ኒው ጀርሲ፣ ኢንግሊሽታውን ላይ ለማጣሪያ ሲሮጥ ሞተሩ ፈነዳ፤ መኪናው ሳይቆም ከመንገዱ ጫፍ አልፎ ወጣ፤ ሕይወቱም አለፈ። ሳምንታት ሳይቆዩ ትልቁ አወዳዳሪ ድርጅት ኤንኤችአርኤ ናይትሮ በተባለ ነዳጅ የሚነዱትን ሁለቱን ከፍተኛ ምድቦች፣ ቶፕ ፊውልንና ፈኒ ካርን፣ ወደ 305 ሜትር አሳጠራቸው። ለጊዜው ተብሎ የተጀመረው ውሳኔ ዛሬም እንደጸና ነው።

ውሳኔው ትክክል ነበር። ብዙዎቹ ሜዳዎች የተሠሩት ማንም የዛሬውን ፍጥነት ባላሰበበት ዘመን ነው። ከመጨረሻው መስመር ወዲያ ያለውን ማቆሚያ ለማርዘም ደግሞ መሬት የለም፤ አንዱ ጋ አውራ ጎዳና ይዘጋዋል፣ ሌላው ጋ የሰው ቤት። ፓራሹቱ ካልተከፈተ የሹፌሩን ነፍስ የሚያተርፈው ያቺ የተጨመረች ርቀት ናት። እሷን ለሰዓት መዝገብ ብሎ መልሱልኝ ማለት ነውር ነው።

አወዳዳሪዎቹና የቴሌቪዥን ተንታኞቹ በበኩላቸው ሌላ ዜማ አላቸው፤ እሱም ቁጥር ነው። በ1992 ኬኒ በርንስታይን በሰዓት 300 ማይልን፣ ማለትም 483 ኪሎ ሜትርን፣ ሲያልፍ ጉድ ተብሎ ነበር። ዛሬ የቶፕ ፊውል መኪና ባጠረው መንገድ ላይ ከ540 ኪሎ ሜትር በላይ ይሮጣል፤ ከመነሻ እስከ መድረሻ አራት ሰከንድ አይሞላም። ከእያንዳንዱ ሩጫ በኋላ መካኒኮቹ ቴስታታውን ነቅለው፣ ፒስተኑን አውጥተው፣ ፍሪሲዮኑን ቀይረው አንድ ሰዓት በማይሞላ ጊዜ ሞተሩን እንደገና ይገጣጥሙታል። ይህን በቅርብ ያየ ሰው መደነቁ አይቀርም፤ እኔም ለነዚያ እጆች ያለኝ አክብሮት ትልቅ ነው። ግን አልቃሹም ፎካሪውም ስፖርቱን የሚለኩት በሜትርና በሰዓት ነው። የተበላሸው ነገር በሁለቱም አይለካም። ድራግ ሬስ በራሱ ሐሳብ የሠራውን መኪና ይዞ የሚመጣ ሰው የሚገባበት በር ነበረው፤ ያ በር በሙያተኞቹ ዘንድ ተዘግቷል። የዘጋው ደግሞ የጊዜ ብዛት ሳይሆን የሰው ውሳኔ ነው።

መነሻውን እናስታውስ። በ1950 ካሊፎርኒያ ውስጥ ሳንታ አና በተባለ ከተማ አንድ የነዳጅ ማደያ ባለቤት፣ ሲ. ጄ. ሃርት፣ ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ የአውሮፕላን ማረፊያውን አስፋልት ለእሁድ እሽቅድድም ከፈተው። በሚቀጥለው ዓመት ዋሊ ፓርክስ ልጆቹን ከየጎዳናው አውጥቶ በሥርዓት የሚያወዳድረውን ኤንኤችአርኤ አቋቋመ። ያኔ የሚመጡት ልጆች ከወዳደቀ መኪና ሞተር ፈተው፣ ሻንሲውን ራሳቸው በይደው፣ ሲሳካ አሸንፈው፣ ሲሰበር ጎትተው ወደ ቤት የሚመለሱ ነበሩ። የአወዳዳሪው ቃልም ቢሆን እንደ ዛሬው የመጨረሻ አልነበረም። በ1957 ኤንኤችአርኤ ናይትሮን አደገኛ ነው፣ ውድም ነው ብሎ ሲከለክል በናይትሮ የሚሮጡት ሌላ ሜዳ ሄደው ሮጡ። ተመልካቹም ተከተላቸው። በ1963 ድርጅቱ ክልከላውን አነሳ።

ይህ ሊሆን የቻለው ሹፌሩ እንጀራውን የሚያገኘው ከየአካባቢው ሜዳ ስለነበረ ነው። ባለ ሜዳው ለሁለት ስመ ጥር ሹፌሮች የመምጫ ገንዘብ ይከፍላል፤ እነሱ ሦስት ዙር ይጋጠማሉ፤ በማግስቱ መኪናቸውን ጭነው ወደ ሌላ ከተማ ይሄዳሉ። ሹፌሩ ዶን ጋርሊትስ ስሙን ያገነነው እንዲህ እየዞረ ነው። የማንም ኩባንያ ደብዳቤ ሳያስፈልገው ይኖር ነበር።

ይህ ነፃነት ምን እንደወለደ ለማየት ከጋርሊትስ ታሪክ የተሻለ ምስክር አላውቅም። ማርች 8 ቀን 1970፣ ሎንግ ቢች አጠገብ ላየንስ የተባለው ሜዳ ላይ ነው። በዚያ ዘመን የቶፕ ፊውል መኪና ሞተር ከሹፌሩ ፊት ነበር። ሹፌሩ ከኋላ ጎማዎቹ መካከል እግሩን ዘርግቶ ይቀመጣል፤ ካምቢዮው እግሮቹ መካከል ነው። ዘይት ሲረጭ መነጽሩ ላይ፣ እሳት ሲነሳ ፊቱ ላይ ነው። ጋርሊትስ ከመነሻው መስመር ሲፈተለክ ካምቢዮው ፈነዳ፤ መኪናው ለሁለት ተቆረጠ፤ የቀኝ እግሩንም ጫፍ ቆርጦ ወሰደው። ሆስፒታል ተኝቶ ሞተሩን ከሹፌሩ ኋላ ስለማድረግ ያወጣ ያወርድ ጀመር። ሐሳቡን ከሱ በፊት የሞከሩት ነበሩ፤ መኪናው ቀጥ ብሎ አልሄድ እያለ አስቸግሯቸው ተዉት። እሱና ባልደረቦቹ ግን ፍሎሪዳ በሚገኘው ጋራዥ ደጋግመው ሞክረው ችግሩ መሪው ላይ እንደሆነ ደረሱበት፤ መሪው ትንሽ ሲነካ ጎማው ብዙ ይዞር ነበር። እሱን አዘግይተው ሲያስተካክሉት መኪናው ጸና። በ1971 መጀመሪያ ፖሞና ላይ የዊንተርናሽናልስን ድል ወሰደበት። ጥቂት ዓመታት ሳያልፉ ሁሉም ተከተለው። ስንት ሹፌር ከእሳትና ከፍንጣሪ እንደተረፈ ቆጥሮ የሚጨርሰው የለም። ይህን ያመጣው የደኅንነት ኮሚቴ አይደለም፤ አንድ የቆሰለ ሰው የገዛ ጋራዡ ውስጥ ሆኖ ነው።

ዛሬ እንዲህ ያለ ሰው ቢነሳ የሚያገኘው የደንብ መጽሐፍ ነው። የሞተሩ ይዘት 8.2 ሊትር እንዲሆን ተወስኗል። የሲሊንደሮቹ ብዛትና አቀማመጥ ተወስኗል። የአየር መጫኛው ዓይነት፣ የኋላ ዲፈረንሻሉ የጥርስ ልክ፣ የናይትሮው መጠን ከ90 በመቶ እንዳይበልጥ፣ ጎማውም ከአንድ አምራች እንዲሆን ተደንግጓል። በነዚህ መኪኖች ላይ ቀለሙንና የስፖንሰሩን ስም ብትፍቁ አንዱን ከሌላው ለመለየት ትቸገራላችሁ። ለዚህ የሚሰጠው መልስ ደኅንነትና ወጪ ነው። የደኅንነቱን እቀበላለሁ፤ የሹፌሩ መቀመጫ፣ የአንገት መከላከያው፣ እሳት ማጥፊያው ሁሉ በደንብ ይታዘዝ። የወጪው ምክንያት ግን ውሸት ሆኖ ተገኝቷል። መኪኖቹ አንድ ዓይነት ሲሆኑ ልዩነቱ የመለዋወጫው ብዛት፣ የመካኒኩ ብዛትና የመረጃው ብዛት ይሆናል። ሁለትና ሦስት መኪና ያለው ቡድን የመጀመሪያውን አሰልፎ አስፋልቱ ምን ያህል ጉልበት እንደሚችል ያይና ለሁለተኛው ይነግራል። አንድ መኪና ያለው ሰው ይህን ዕውቀት በምንም ብልሃት አያገኘውም። ደንቡ ሐሳብን ርካሽ አላደረገም፤ ሐሳብን አስወጥቶ ቦታውን ለገንዘብ ሰጠ።

ገንዘቡ ደግሞ ከሜዳው አይመጣም። ከ2009 ጀምሮ በኳታር ሼኽ ገንዘብ ይሮጥ የነበረው አል አናቢ የተባለ ቡድን በ2010፣ በ2011 እና በ2013 የቶፕ ፊውል ሻምፒዮን ሆነ። በ2015 መጀመሪያ ገንዘቡ ሲቋረጥ ሦስት ዋንጫ ያለው ቡድን ከሜዳው ጠፋ። በሹፌሮቹም ሆነ በመካኒኮቹ አልፈርድም፤ ጥፋቱ የአሠራሩ ነው።

ከሁሉ የሚያበሳጨኝ በ2007 የመጣው ካውንትዳውን የተባለው የነጥብ አቆጣጠር ነው። ተወዳዳሪዎቹ ከውድድር ዓመቱ መጀመሪያ አንስቶ ተጋጥመው ያከማቹት ነጥብ መከር ሲገባ ይታጠፍና የበላዮቹ በጥቂት ነጥብ ልዩነት እንደ አዲስ ይጀምራሉ። በ2009 ሮበርት ሃይት አሥረኛ ሆኖ ገብቶ የፈኒ ካር ሻምፒዮን ሆነ። እሱ ባለው ሕግ ተወዳድሮ አሸንፏል፤ ሕጉ ግን የዓመት ልፋትን ለቴሌቪዥን ጉጉት የሚሸጥ ነው። ማሸነፍና መሸነፍ በዓይን በሚታይበት ስፖርት ላይ ሰው ሠራሽ ልብ ሰቀላ መጨመር ተመልካቹን አለማመን ነው።

የተሻለ ነገር የለም አልልም። ሸርሊ ማልዳውኒ በ1977፣ በ1980 እና በ1982 የቶፕ ፊውል ሻምፒዮን ለመሆን የታገለችው ከሰዓቱ ጋር ብቻ አልነበረም፤ ሴት ምን ልትሠራ መጣች ከሚሉትም ጋር ነው። ከሷ በኋላ የመጡት ኤሪካ ኤንደርስና ብሪታኒ ፎርስ ሲያሸንፉ ግን ማንም እንደ ተአምር አላየውም። ይህ እውነተኛ ዕድገት ነው፤ ተጠብቆ ይኑር።

ሜዳዎቹ ግን እየሞቱ ነው። ላየንስ በ1972 መጨረሻ ተዘጋ፤ ኢንግሊሽታውን በ2018፣ አትላንታ በ2021። ዴንቨር አጠገብ የነበረው ባንዲሜር ከ1958 ጀምሮ በአንድ ቤተሰብ እጅ ቆይቶ በ2023 የመጨረሻ ውድድሩን አደረገ። ከተማ ወደ ሜዳው ሲጠጋ መሬቱ ከትኬቱ በላይ ያወጣል። ስመ ጥሮቹ በሳምንቱ መካከል የማይመጡበት ሜዳ ባለቤት ደግሞ ላለመሸጥ የሚያነሳው ምክንያት ትንሽ ነው። የሕዝቡ ፍላጎት አልጠፋም። ከ2013 ጀምሮ የኦክላሆማ ሲቲን የጎዳና እሽቅድድመኞች ያሳየው የቴሌቪዥን ዝግጅት ብዙ ተመልካች የሳበው ሰዎቹ ራሳቸው የሠሩት መኪና ላይ ተቀምጠው ስለሚፎካከሩ ነው። ልጆቹን ከጎዳና ለማውጣት የተቋቋመው ድርጅት ባለበት አገር ተመልካቹ ወደ ጎዳናው እያየ ነው።

ኤንኤችአርኤ የሚያስፈልገውን ለማድረግ አቅምም ሥልጣንም አለው። ካውንትዳውንን ይሰርዝ፤ ነጥብ ከመጀመሪያው ውድድር እስከ መጨረሻው ይቆጠር። የሹፌሩን ደኅንነት የሚመለከተውን ደንብ አጥብቆ፣ ሞተርና ማስተላለፊያ ላይ ያለውን ይፍታ። አንድ ባለቤት በአንድ ምድብ ከአንድ መኪና በላይ እንዳያሰልፍ ይወስን። ሙያተኞቹንም በዓመት ለጥቂት ቀን ወደ ትናንሾቹ ሜዳዎች ይላክ። ትኬት የምትገዙ ሁሉ ይህን ጠይቁ፤ 97 ሜትሩን ግን አትጠይቁ።