ማንም ያልቆጠራት ምት

ባለፈው ወር ስለ ፈተና ሰሞን ጭንቀት ከተወያየን በኋላ አንድ ወጣት አንባቢያችን፣ "እናንተ መምህራንስ ከቀይ እስክሪብቶ ሌላ ምን ታውቃላችሁ? በትርፍ ጊዜያችሁ የምትጫወቱት ጨዋታ የለም?" ሲል ጠይቆኛል። ጥያቄው ፈገግ አሰኝቶኝ ነበር። መልሱን መጻፍ ስጀምር ግን ፈገግታዬ እየቀነሰ እንደ ሄደ አልደብቃችሁም። ምክንያቱን ከታች ታገኙታላችሁ። ለማንኛውም የዛሬው ርዕሳችን ጎልፍ ነው።

"ጎልፍ ደግሞ የእኛ ቢጤ ሰው ጨዋታ ነውን?" የምትሉ ትኖራላችሁ። እኔም እንደዚያው እል ነበር። ጎልፍ ሲባል ነጭ ጓንት ያጠለቁ ባለጸጎች ናቸው በዓይነ ሕሊናዬ የሚመጡት። ሆኖም ዱላና ኳስ ለአገራችን ልጅ እንግዳ አይደሉም፤ በልጅነቱ በገና ዱላ ሩር ሲያሳድድ የዋለ ከመካከላችን ብዙ ነው። ልዩነቱ፣ በገና ጨዋታ ሩሯን ለመንጠቅ ሁሉም ይረባረባል፤ በጎልፍ ግን ኳስህን የሚነካብህ የለም። ብትስትም ብታገኝም የሚጠየቅ ሌላ ሰው አይገኝም።

ጨዋታውን የቀመስኩት በ2018 (ዓመታቱን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ለትምህርት ወደ ስኮትላንድ፣ ኤዲንብራ ከተማ በሄድኩበት ጊዜ ነው። ባለቤቴና የሰባት ዓመት ልጃችን አብረውኝ ነበሩ። ከከተማዋ ማዕከላዊ መስጊድ ተነስታችሁ ሩብ ሰዓት ያህል በእግር ብትሄዱ ብራንትስፊልድ ሊንክስ የሚባል ሣር የለበሰ ሰፊ ሜዳ ታገኛላችሁ። የመግቢያ ክፍያም ሆነ የአባልነት ጥያቄ የለበትም። በበጋ 36 ቀዳዳዎች ይዘጋጁበታል፤ ርቀታቸው አጭር ስለሆነ አንድ ማስፈንጠሪያ ዱላና አንድ መግፊያ ዱላ ለያዘ ሰው ይበቃሉ። የመንገድ ሠራተኛውም፣ ተማሪውም፣ ጡረተኛዋም ይጫወቱበታል።

በስኮትላንድ ይህ ጨዋታ የቆየ ነው። የአገሪቱ ፓርላማ በ1457 ጎልፍን በሕግ ከልክሎ ነበር፤ ምክንያቱም ወጣቱ ቀስት መወርወር መለማመዱን ትቶ ኳስ ሲመታ ይውል ስለነበረ ነው። "ልጆቻችን በኳስ ጠፉ" የሚለው የወላጆች እሮሮ ዛሬ የተጀመረ እንዳልሆነ ከዚህ ተረዱ!

ወደ ሜዳው የወሰዱኝ በዚያች ከተማ ብዙ ዓመት የኖሩ አንድ የወሎ ሽማግሌ ናቸው። አንድ ቀን ከዓስር ሶላት በኋላ ጫማችንን ስናጠልቅ፣

"ልጄ፣ በዚህ አገር የሰኔ ፀሐይ መጥለቂያዋን ትረሳለች። መግሪብ የሚገባው ከምሽቱ 4 ሰዓት ግድም ነው። እስከዚያ ምን ትሠራለህ?" አሉኝ።

"ምን እሠራለሁ ጋሼ፣ ንባብ ነው እንጂ።"

"ዓይንህን ልታጠፋው ነው። ና፣ ዱላ ላስይዝህ።"

ሄድኩ። ልጄም ተከተለችን። ጋሼ ኳሷን ሣሩ ላይ አስቀምጠው፣ "በል ምታት" አሉኝ። የወንድነቴን ያህል ሰነዘርኩ፤ ኳሷ ግን ከቦታዋ አልተነቃነቀችም። ደገምኩ፤ ከሣሩ ጋር አፈር ገምሼ አነሳሁ። በሦስተኛው ኳሷ በመሬት ላይ እንደ አይጥ ተሽሎከሎከች። ልጄ በሳቅ ሆዷን ያዘች። በክፍል ውስጥ አምሳ ተማሪ ጸጥ የሚያሰኝ መምህር፣ ከእንቁላል የምታንስ ኳስ መታዘዝ እምቢ አለችው።

ጋሼ ስህተቴን ያስረዱኝ በቀላል ቋንቋ ነበር። "ኳሷን ወደ ላይ ለማንሳት አትታገል። የዱላው ፊት ራሱ ጋደል ብሎ ነው የተሠራው። አንተ ወደ ታች ምታት፣ ማንሳቱን ለዱላው ተወው" አሉኝ። እውነትም የሳይንስ መምህር ሆኜ ይህን አለማሰቤ አሳፈረኝ። ዱላውና ኳሷ የሚነካኩት ለግማሽ ሚሊ ሴኮንድ ያህል ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ መጸጸት እንጂ ማረም የለም። በኳሷ ገላ ላይ ያሉት ከ300 የማያንሱ ትናንሽ ጎድጓዳ ነጥቦችም ለጌጥ የተደረጉ አይደሉም። ኳሷን ከኋላ የሚጎትታትን አየር ስለሚቀንሱና ስትሽከረከር ወደ ላይ የሚያነሳትን ኃይል ስለሚያግዙ፣ ልሙጥ ኳስ ከምትሄደው እጥፍ ያህል እንድትርቅ ያደርጓታል። እነሆ፣ እስከ ዛሬ ይህን ለተማሪዎቼ ስነግር ከመጨረሻው ወንበር የሚያንቀላፋው ሳይቀር ይነቃል።

በአራተኛው ቀን ይመስለኛል፣ አንዷ ኳስ በትክክል ተመታችልኝ። እጄ ምንም አልተሰማውም፤ "ጠቅ" የምትል ቀጭን ድምፅ ብቻ ሰማሁ። ኳሷ ከፍ ብላ፣ በዚያ በማይመሽ ሰማይ ላይ ለአፍታ የቆመች መስላ፣ ከባንዲራው አጠገብ ወረደች። ሱብሃነላህ! እንዴት እንደሆነ ዛሬም አላውቅም። የአማተር ተጫዋች ደስታ ይህች ናት። ሃምሳ ጊዜ ትስትና አንዷ ትሳካለች፤ ያቺ አንዷ ደግሞ በማግስቱ ከቤት ታስወጣሃለች።

የአማተሩ ችግርም እዚያው ነው። ቀዳዳው ስፋቱ 108 ሚሊ ሜትር፣ ኳሷ ደግሞ ከ43 ሚሊ ሜትር እምብዛም የማትበልጥ ናት። ሲያዩት ይሰፋል፤ ሲሞክሩት ይጠባል። በአሜሪካ ታላላቅ ውድድሮች የሚሳተፉ፣ ጨዋታው እንጀራቸው የሆነ ባለሙያዎች እንኳ ከ2.4 ሜትር ርቀት ከሁለት ሙከራ አንዱን ያህል ይስታሉ። ይህን ካወቅሁ በኋላ በራሴ መናደዴን ቀነስኩ። ወጣት አንባቢዬ ሆይ፣ አንድ ነገር በአንድ ወር አልሳካ ቢልህ፣ ሃያ ዓመት የለፋውም እንደሚስት አስታውስ።

ሌላው የወደድኩት፣ ደካማውና ብርቱው አብረው መጫወት መቻላቸው ነው። ሃንዲካፕ የሚሉት አሠራር አላቸው። ከ2020 ወዲህ በዓለም ዙሪያ አንድ በሆነው ስሌት፣ የተጫዋቹ የመጨረሻ 20 ውጤቶች ይወሰዱና ከእነሱ 8ቱ የተሻሉት ተመርጠው አቅሙ ይለካል። ለጀማሪው እስከ 54 የሚደርስ ቁጥር ይሰጠውና በዚያ ልክ ይቀነስለታል። የ70 ዓመቱ አዛውንትና የ20 ዓመቱ ጎረምሳ በዚህ ይወዳደራሉ። ነገር ግን አሠራሩ በሙሉ የቆመው በአንድ ምሰሶ ላይ ነው፤ ሰው የራሱን ምት በሐቅ መቁጠሩ ላይ። በአብዛኛው ጨዋታ ዳኛ የሚባል የለም። ፊሽካ የሚነፋብህም የለም።

አሁን ወደ ፈገግታዬ መቀነስ እንምጣ።

በሐምሌ ወር አንድ ምሽት ከጋሼ ጋር እኩል ለእኩል ሆነን የመጨረሻው ቀዳዳ ላይ ደረስን። እሳቸውን አሸንፌ አላውቅም። ኳሴ ወደ ግራ ሄዳ ከአንድ ትልቅ ዛፍ ሥር ተሸጎጠች። ጋሼ በሩቁ የራሳቸውን ኳስ ይፈልጋሉ። ዞር ዞር አልኩና በጫማዬ ጫፍ ገፋ አድርጌ ከሥሩ አወጣኋት። ከዚያ መታሁ፣ ወደ ቀዳዳው አስጠጋሁ፣ አስገባሁ።

"ስንት?" አሉ ጋሼ።

"አራት።"

እሳቸው አምስት ነበሩ። "ማሻአላህ፣ አሸነፍከኝ!" ብለው ጨበጡኝ። እጃቸው ሞቅ ያለ እንደነበረ ዛሬም ይሰማኛል።

ወደ ቤት ስንመለስ ልጄ ዝም አለች። ሁልጊዜ ወፍ የምታስንቅ ልጅ ናት። የቤታችን በር ላይ ስንደርስ፣ "አባዬ፣ በእግር መግፋት አይቆጠርም እንዴ?" አለችኝ።

ውድ አንባቢያን፣ እኔ በኩረጃ የተያዘ ተማሪ ፈተና ቀድጄ የማውቅ መምህር ነኝ። "ማንም አላየኝም ብለህ ነው?" ብዬ የገሠጽኳቸውን ልጆች ቁጥር አላህ ያውቀዋል። በመድረሳ ሳለን፣ ሰው በማይኖርበት ቦታ የሚያይ ጌታ እንዳለ ኡስታዛችን ሲያስተምሩን ከሁሉ ቀድሜ እጄን የማወጣው እኔ ነበርኩ። ታዲያ ሽልማት በሌለው፣ ተመልካች በሌለው፣ ሁለት ስደተኞች በሣር ላይ በተጫወቱት ጨዋታ ዋሸሁ። ለልጄ የመለስኩላት፣ "ነገ እንነጋገራለን" ብዬ ነው። ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

በዚያው ሰሞን ስለ አንድ አሜሪካዊ አማተር አንብቤ ነበር። ቦቢ ጆንስ ይባላል፤ በ1930 የዘመኑን አራት ታላላቅ ውድድሮች በአንድ ዓመት አሸንፎ በ28 ዓመቱ ከውድድር የወጣ፣ በሙያው ጠበቃ የሆነ ሰው ነው። በ1925 በአሜሪካ ኦፕን ውድድር ላይ ሊመታ ሲዘጋጅ ኳሷ በሣሩ ውስጥ ለጥቂት ተነቃነቀችበት። ያየ ሰው አልነበረም። እሱ ግን ራሱ በራሱ ላይ አንድ የቅጣት ምት አስቆጠረ። አራቱ ዙሮች ሲያልቁ ከሌላ ተጫዋች ጋር እኩል ሆነ፤ በመለያው ጨዋታም ተሸነፈ። ያቺን አንዲት ምት ባያስቆጥር ኖሮ ዋንጫው የእሱ ነበር። እሱ በዋንጫ ፊት ያልደፈረውን እኔ በባዶ ሜዳ ደፈርኩት።

በማግስቱ ጁሙዓ ነበር። ከሶላት በኋላ ልጄን አስከትዬ ጋሼን መስጊዱ በር ላይ ጠበቅኋቸው።

"ጋሼ፣ የትናንቱ አራት አይደለም። ኳሷን በእግሬ ገፍቻታለሁ። አውፍ ይበሉኝ" አልኳቸው።

ሽማግሌው ልጄን አዩ፤ ከዚያ እኔን። "አይቼሃለሁ" አሉ ቀስ ብለው።

"ታዲያ ለምን ዝም አሉኝ?"

"በልጅህ ፊት ምን ልበልህ? ራስህ እስክትመጣ ጠበቅኩህ። ባትመጣ ኖሮ ግን ጨዋታው እዚያ ላይ ያበቃ ነበር።" ከዚያ ሳቅ ብለው፣ "በል አሁን ዱላህን አምጣ፣ ብድሬን ልመልስ" አሉ። በዚያን ቀን በሰባት ምት ለያዩኝ። አልሐምዱሊላህ፣ እንደዚያ በደስታ ተሸንፌ አላውቅም።

ስለ ጨዋታው ሌሎች ሁለት ነገሮች ላንሳ። አንደኛው ጊዜ ነው። 18 ቀዳዳ ያለው ሙሉ ሜዳ አራት ሰዓትና ከዚያ በላይ ይወስዳል። የጠፋች ኳስ መፈለጊያው ጊዜ እንኳ በሕግ የተወሰነ ነው፤ ያኔ 5 ደቂቃ የነበረው ከ2019 ጀምሮ 3 ደቂቃ ሆኗል። እኔ ግን ለራሴ ወሰን አላበጀሁም ነበር። አንድ ምሽት ዘግይቼ ስገባ ባለቤቴ፣ "ኳሷ ጠፋች ትላለህ፤ ለእኛ የጠፋኸው አንተ ነህ" አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ቀኑን ለሁለት ከፈልነው፤ በሳምንት ሁለት ምሽት ለጨዋታ፣ የቀረው ለቤት። እንዲያውም አንድ እሑድ አብረን ወደ ሴንት አንድሩስ ሄድን። በዓለም የታወቀው አሮጌው ሜዳ እሑድ ለጨዋታ ስለሚዘጋ፣ ሕዝቡ ልጁንና ውሻውን ይዞ እንደ መናፈሻ ይንሸራሸርበታል። እዚያው አጠገብ በ1867 የተመሠረተ የሴቶች የመግፊያ ዱላ ክበብ ሜዳ አለ፤ ጉብታው ስለበዛ "ሂማሊያ" ይሉታል። ሌላ ጊዜ ተመልሰን ጥቂት ከፍለን ተጫወትንበት። ያሸነፈችው ባለቤቴ ናት። ምቷን የቆጠረችላት ደግሞ ልጃችን ነበረች፤ እኔን አላመነችኝም መሰል!

ሁለተኛው ውርርድ ነው። በየቀዳዳው ገንዘብ የሚያሲዙ ጓደኛሞች ብዙ ናቸው፤ "ትንሽ ናት፣ ለማጣፈጫ ነው" ይላሉ። ከጨዋታው በኋላ ያለውን መጠጥ ቤት ደግሞ "19ኛው ቀዳዳ" ብለው ይቀልዱበታል። ጋሼ ለሁለቱም አንድ መልስ ነበራቸው፤ "እኔ 18 ብቻ ነው መቁጠር የምችለው" ይሉና ቴርሞሳቸውን ከፍተው ሻይ ይቀዳሉ። ማንንም ሳያስቀይሙ፣ ራሳቸውንም ሳይሸጡ። ቁማር በኳስ ስለመጣ ስሙ አይለወጥም፤ ለዚያ ሲባል ግን ጨዋታውንና ሰዎቹን መሸሽ እንደማያስፈልግ ከእሳቸው ተማርኩ።

ዛሬ በሰፈሬ በነፃ የምጫወትበት ሜዳ የለም። ከዚያ ያመጣኋት አንዲት ኳስ የትምህርት ቤት ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጣለች፤ ፈተና ሳርም ወረቀት እንዳይበርብኝ ትይዝልኛለች። ኩረጃ የያዝኩበትን ልጅ ከመገሠጼ በፊት ዓይኔ ወደ እሷ ይሄዳል። ቅጣቱን አልተውኩትም፤ ነገር ግን መጀመሪያ፣ "ራስህ ልትነግረኝ የምትፈልገው ነገር አለ?" ብዬ መጠየቅ ጀምሬያለሁ። አንዳንዱ ይክዳል፤ አንዳንዱ ደግሞ ጠበቅ ካደረጉለት ይመጣል።

ልጃችን አሁን አድጋለች። ይህን ጽሑፍ ስጀምር ጠራኋትና፣ "ስለ ኤዲንብራው ጎልፍ ምን ትዝ ይልሻል? መግፋቴ ነው ወይስ መናገሬ?" አልኳት።

ሳታመነታ፣ "ሁለቱም" አለችኝ።

አላህ በሰው ፊትም በስውርም ምታችንን በሐቅ የምንቆጥር ያድርገን። እስከሚቀጥለው ወር በሰላም ቆዩኝ። ወቢላሂ ተውፊቅ።